በአማች ልክ

ጓንቴን በዓለም ላይ ካለው ነገር ሁሉ አብልጦ የሚቀፈው፣ ሰው ተነሥቶበት ገና ያልበረደ ወንበር ነው። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ወርዶ ቦታ ሲለቅለት፣ ላይኛውን ብረት እንደጨበጠ መቀመጫው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል። እስኪቀዘቅዝ ደግሞ ሌላ ሰው ዘው ብሎ ይቀመጥበታል። እንዲህ እንዲህ ሲል ግማሽ ዕድሜውን ቆሞ ነው የተጓዘው።

ሥራው ምን እንደሆነ የሰማ ሁሉ ይስቃል። ጓንቴ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ይውላል። ቅጽል ስሙም የወጣለት እዚያው ነው። ጓንት ሳያጠልቅ የበር እጀታ አይነካም ብለው ባልደረቦቹ አወጡለት፤ ቤተሰቡ ስሙን ወደደለትና እናቱ ያወጡለት ስም እዚያው መታወቂያው ላይ ቀረ። «ያን ሁሉ ጉድ ስታይ ውለህ የሰው ወንበር ይቀፍሃል?» ሲሉት መልስ አለው።

«የኔው ዕቃ ክዳን አለው፤ የማን እንደሆነም ተጽፎበታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጥቶ አያቅፈኝም።»

መጥቶ የሚያቅፈው የታላቅ እህቱ ባል ነው።

አማቹ ዓሣ ነጋዴ ነው። ሰፊ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሣቁ ሰፊ፣ ከሁሉ የሰፋው ደግሞ ጓንቴ ስሙን ሊጠራው የማይወደው የሰውነቱ ክፍል ነው። ሰላምታው በሳምንት ሥራ የሚቆጠር ነው፦ ጉንጭ ያገላብጣል፣ ካገላበጠ በኋላ ያቅፋል፣ ካቀፈ በኋላ ጀርባ ይደበድባል፤ ደብድቦ ሲለቅህ ሸሚዝህ እሱን እሱን ይሸታል። ጓንቴ በተለይ ለዚህ ሰላምታ የሚለብሰው አንድ አሮጌ ሸሚዝ አለው። የታላቅ እህት ባል ደግሞ በስሙ አይጠራም፣ ጋሼ ነው የሚባለው። ይቺን «ጋሼ» የምትል ቃል ጓንቴ እንደ መራራ ክኒን ያለ ውኃ ይውጣታል።

ይህም ቢሆን ይቻል ነበር። ታቅፎ፣ ቤት ገብቶ፣ ሸሚዝ ቀይሮ መኖር ይቻላል። መከራው ሞተሩ ነው።

ሞተሩ የአባቱ ነበር። አባትየው የኤሌክትሪክ መስመር ተቆጣጣሪ ስለነበሩ፣ ምሰሶ ምሰሶውን እየተከተሉ አገር ያቋርጡበት የነበረ፣ ለፍጥነትም ለሩቅ መንገድም የተሠራ፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ፣ ከኋላ ግራና ቀኙን ሳጥን ያለው ግዙፍ ሞተር ሳይክል ነው። የሚያውቁት ስፖርት ቱሪንግ ይሉታል። የማያውቁት ደግሞ «ይቺ አህያ ገና አልሞተችም?» ይላሉ። ድሮ ወይን ጠጅ የነበረ ቀለሙ አሁን የሰነበተ ጉበት መስሏል። ሆኖም ጠዋት አንዴ ሲነኩት፣ እንደ ጤነኛ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ይነሣል፤ ከተነሣም ከአዲስ መኪና ጋር ዳገት ይወጣል።

አባትየው ሲሞቱ ጓንቴ ብቸኛው ወንድ ልጅ ነኝ ብሎ፣ ሳይጠይቅ በጨዋ ደንብ ቁልፉን ጠበቀ። እናትየው ከመሐረባቸው ጫፍ ሁለት ቁልፍ ፈቱ። አንዱን ለእሱ ሰጡ፣ አንዱን ለዓሣ ነጋዴው።

«ለሁለቱ ወንዶች ልጆቼ» አሉ። «ሳምንት ሳምንት እየተቀባበላችሁ።»

ከዚያ ወዲህ ተራውን የሚቀበልባት ቅዳሜ ጠዋት ለጓንቴ መርዶ ሆነች። አማቹ ሞተሩን በር ላይ ያቆምና «ጓንቴ፣ የኔ ጌታ፣ ይኸው እንዳትቸገር ሞቅ አድርጌልህ መጣሁ» ይለዋል። ጓንቴ አልኮልና ጨርቅ ይዞ ይወጣል። ከነዳጅ ታንኩ ላይ የዓሣ ቅርፊት በጥፍሩ ይፍቃል፤ ከሳጥኑ ሥር የቀለጠ በረዶ ይደፋል። አንድ ቅዳሜ ሳጥኑን ቢከፍት የዓሣ ራስ ቁጭ ብሎ ሽቅብ አየው።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አይ፣ ረስቼው ነው። ለድመታችሁ ይሁን።»

«ድመት የለንም።»

«ታዲያ ዓሣ በሌለበት ቤት ድመት ምን ልትሠራ ትመጣለች?»

ቅርፊቱም ራሱም በአልኮል ይለቃል። የማይለቀው መቀመጫው ነበር። ነጂው በሚቀመጥበት በኩል፣ ከመሐል ወደ ግራ ያደላ፣ ሰፊ፣ ክፉ ጉድጓድ ነበረው። ማንም ቢቀመጥ ወደዚያ ይንሸራተታል። ጓንቴ ያ ጉድጓድ የማን ሥራ እንደሆነ ለመረዳት ማይክሮስኮፕ አላስፈለገውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድጓዱን በአልኮል እያጠበ፣ አማቹን በልቡ እያጠበ፣ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አብሮ ባለቤት መሆን እንዲህ ነው፤ ዕቃው የግማሽ፣ ጭንቁ የሙሉ።

እናቱን መለመን ዋጋ የለውም። አማቹን መስደብ ከእህቱ ያጣላዋል። ማሻሻልን ግን ማን ይከለክላል? ጓንቴ መቃ የመሰለ ረጅም ነው፤ አማቹ አጭርና ድፍን። ሞተሩን ለረጅምና ለቀጭን ሰው ብቻ እንዲመች አድርጎ ቢያሻሽለው፣ ድፍኑ ሰውዬ ራሱ በገዛ አፉ «ይቅርብኝ» ይላል። ነገርን በፍቅር የመንቀል ዘዴ ማለት ይኸው ነው።

መጀመሪያ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ታች አስወጣው። ለመድረስ ደረትን ታንኩ ላይ መዘርጋት ግድ ሆነ። ቅዳሜ ሲገናኙ አማቹ ፊቱ በርቷል።

«የመሪውን ነገር እንኳን አሰብክበት» አለ። «ድሮ ሆዴን የት እንደማደርገው ግራ ይገባኝ ነበር። አሁን ታንኩ ላይ አሳርፌው ነው የምሄደው። ሙቀቱ ደግሞ ለቁርጠት።»

ጓንቴ ታንኩን አየ። መሐሉ ላይ፣ በጉበት ቀለሙ ላይ፣ የሆድ ስፋት ያህል ክብ ወዝ አብረቅርቋል።

ቀጥሎ የኋላውን ሞላ በረጅም አስቀየረው። ሞተሩ እንደ ተቆጣ ድመት ቂጡን ሰቀለ። አማቹ ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ አድርጎ መጣ። «እህትህ ረዘምክ አለችኝ» አለ አፍሮ እየሳቀ። «ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም።»

የዓሣው ጭነት እንዲቀር ብሎ የተበሱትን ሳጥኖች አስነቅሎ፣ ጎማ ያላቸው፣ ሲዘጉ ትንፋሽ የማያስወጡ አዲስ ሳጥኖች አስገጠመ። ልብስ ብቻ የሚገባባቸው ናቸው አለ። አማቹ ከፍቶ ዘጋ፣ ከፍቶ ዘጋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጠብ አይልም። በረዶው ውሎ ያድራል። አንተ ልጅ ለኔ ብለህ ምን ያላደረግከው አለ?» አለና አቀፈው። ያን ቀን ጓንቴ አሮጌውን ሸሚዝ አልለበሰም ነበር።

የንፋስ መከላከያውንም በረጅም ቀየረ፤ አጭር ሰው ጠርዙ ዓይኑ ላይ እየመጣበት መንገድ እንዳያይ። አማቹ ከሥር በኩል እያጮለቀ ለመደው። ሞተሩ በየወሩ ያምራል፣ ይፈጥናል፣ ዓሣ ነጋዴው በየወሩ ይመርቃል፤ የጓንቴ አንጀት በየወሩ ይቃጠላል። መካኒኩም ነገሩ ግራ ገብቶት «ከሞተሩ ነው ከሰው ነው የተጣላኸው?» ብሎ ጠይቆታል።

በመጨረሻ ጓንቴ ለእናቱ ስልክ ደወለ። አማቹን አላማም፤ ትምህርቱ ለዚህ ጊዜ ነው። ሁለት የተለያየ ቁመት ያለው ሰው በአንድ ሞተር ላይ ሲቀመጥ በአከርካሪ አጥንት ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት፣ በተለይም ስለ ጋሼ ወገብ እጅግ እንደሚያሳስበው፣ ረጋ ብሎ አስረዳ። እናትየው ሰምተው ሰምተው ተነፈሱ።

«እንግዲያው የሚመጣው እሑድ ተሳፍራችሁ ወደኔ ኑ። አንተ ነድተህ ና፣ እሱ ነድቶ ይመልስህ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አይዋሽም። ያልተመቸው ለተመቸው ይተውለት።»

ጓንቴ ስልኩን ሲዘጋ ዘፈን ቢጤ አፉ ላይ መጣ። እሑድ ሳይደርስ አንድ የመጨረሻ መሻሻል ቀርቶታልና። ያን ጉድጓድ ነቅሎ መጣል፤ በምትኩ በእሱ በራሱ መቃ ሰውነት ልክ የተቀረጸ፣ ጠባብ፣ ጠንካራ መቀመጫ ማስገጠም። ድፍኑ ሰውዬ እዚያ ላይ ተቀምጦ ያንን ሁሉ መንገድ ሲመለስ፣ ወንበሩ ራሱ ይፈርድበታል።

ወንበር ሰፊው ሱቁን ጋራዥ አጠገብ በቆርቆሮ ከልሎ የሚሠራ ሰው ነው። አሮጌውን መቀመጫ ጓንቴ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ በቢላዋ ዘነጠለው፤ ስፖንጁን ቦጫጭቆ ለሶፋ መሙያ ወደሚሆነው ክምር ወረወረው።

«እኔ ልክ የምወስደው እንደ ጥርስ ሐኪም ነው» አለ፤ ሁለት ጣሳ እያሳየ። «ይሄና ይሄ ሲቀላቀሉ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላሉ። ላስቲክ እናለብሰዋለን፣ ባለቤቱ ይቀመጥበታል፣ እስኪጠነክር አይነቃነቅም። ከዚያ በኋላ ወንበሩ አንተ ነህ፣ አንተም ወንበሩ ነህ።»

ይህ አባባል ራሱ ጓንቴን ትንሽ አጥወለወለው። ከዚያ ላስቲኩን አየ። ላስቲኩ ደብዝዟል፣ ተሸብሽቧል፤ መሐሉ ላይ የብዙ ሰው ታሪክ ነበረበት። አንድ ፀጉርም ነበረበት፤ የራስ ፀጉር እንዳልሆነ ጓንቴ በሙያው አረጋገጠ።

«ሌላ ላስቲክ የለህም?»

«ይቺ ምን አላት? ትታጠባለች እኮ።»

«መቼ?»

«ዝናብ ሲዘንብ።»

«ቆይ፣ ሌላ ገዝቼ መጣሁ» አለ ጓንቴ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ።

«ፈሳሹን ቀላቅዬዋለሁ፣ ቶሎ በል። ኩፍ ያለ ነገር ሰው አይጠብቅም።»

መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ላስቲክ ነበረው፤ ባለሱቁ ግን ሲቆርጥለት ጣቱን በምራቁ አራሰ። ጓንቴ ይቅርብኝ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ሱቅ ላስቲኩን መሬት ላይ ነው ያነጠፈው። ሦስተኛው ዘንድ በፋብሪካ እንደታሸገ የተጠቀለለ አገኘና፣ ማሸጊያው አለመከፈቱን አገላብጦ አይቶ ተመለሰ።

ሲመለስ አማቹ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል።

እንደ ሐውልት ነው የተቀመጠው። ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ትንፋሹን እንኳ በልክ ነው የሚስበው። አጠገቡ መሬት ላይ አንድ ዘንቢል ዓሣ ተቀምጧል።

«ጋሼ» አለ ጓንቴ። ድምፁ ከሩቅ ነው የመጣው።

«ቀስ፣ አታስቀኝ» አለ አማቹ ከንፈሩን ሳያላውስ። «ከሳቅሁ ይበላሻል።»

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

ወንበር ሰፊው መለሰለት። «ዓሣ ሊያደርስልኝ መጥቶ ነው። ፈሳሹ አብጦ ሊያመልጠኝ ሲል፣ ይህ ሞተር የማን እንደሆነ ታውቃለህ ወይ አልኩት። የኔ ነው አለኝ።»

«የኔና የወንድሜ ነው ያልኩት» አለ ሐውልቱ።

«ባለቤት ከሆንክ ተቀመጥ አልኩት። እግዜር ይስጠው፣ ሳያንገራግር ተቀመጠ። ላስቲኩንም አልተጸየፈ።»

«አንተ ባሠራኸው ላይ እኔ እንዴት ልቀመጥ ብዬ ነበር መጀመሪያ» አለ አማቹ። «ግን ያን ሁሉ ድካምህን አሰብኩና፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር እንኳ ላግዘው አልኩ።»

ጓንቴ ያልተከፈተ ላስቲኩን ታቅፎ ቆመ። እንደ ገና ይሠራ ቢል፣ ፈሳሹ ማለቁንና ሌላው በቶሎ እንደማይመጣ ወንበር ሰፊው ነገረው። አሮጌው ይመለስልኝ እንዳይል አሮጌው ተዘንጥሏል። እሑድ ደግሞ ደረሰች። አማቹ ሲነሣ፣ ላስቲኩ ሲገፈፍ፣ መቀመጫው ላይ የቀረው ቅርጽ የማያሻማ ነበር፦ ሁለት ሰፋፊ ሸለቆ፣ መሐል ላይ አንድ የዋህ ሸንተረር። ወንበር ሰፊው ራሱ «ይህን ቆዳ ማልበስ ያሳዝናል» አለ።

እሑድ ጠዋት ጓንቴ በአማቹ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ምን ይባላል? እያንዳንዱን ሸለቆ ያውቀዋል። ከኋላው ደግሞ እውነተኛው አማቹ ወጥቶ ሲደላደል ሞተሩ ዝቅ አለ። ስለዚህ ጓንቴ ከሥሩም አማቹ፣ ከኋላውም አማቹ ሆኖ ጉዞ ጀመረ።

ዓሣ ነጋዴው መንገድ ላይ ኦቾሎኒ ይበላል። ረጅሙ የንፋስ መከላከያ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን ነፋስ ከላይ አሳልፎ፣ ከኋላ ወደ ነጂው አንገት እንደሚመልስ ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ለጓንቴ ግን እስከዚያ ቀን ተሰውሮት ነበር። የኦቾሎኒው ቀጭን ቀይ ገለፈት በራሱ መሻሻል ላይ ተሳፍሮ እየመጣ አንገቱ ሥር ይገባል። ከገለፈቱ መሐል የትኛው በጥርስ የተፈለፈለ እንደሆነ ላለማሰብ ጥርሱን ነከሰ።

«ጓንቴ፣ ላጉርስህ?»

«አልፈልግም ጋሼ።»

«ልላጥልህ?»

«አትላጥልኝ።»

ይህ ሁሉ ሲሆን የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ሕመሙን። መቀመጫው የእሱ ልክ አይደለም፤ አጥንቱ ሊቆረቁረው፣ እግሩ ሊደነዝዝ፣ ወገቡ ሊንቀጠቀጥ ይገባል። ዳገቱን ወጡ። አልቆረቆረውም። ሜዳውን ጨረሱ። እግሩ እግሩ ነው። የተበላሸው መንገድ ላይ ሞተሩ ሲዘል እንኳ፣ ሁለቱ ሸለቆዎች ቀጭን መቀመጫውን እንደ ሁለት መዳፍ ተቀብለው መልሰው በእርጋታ አስቀመጡት። ጓንቴ በሕይወቱ እንዲህ የተመቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ቤቱ ያለው ሶፋ ወለል ነው፣ የላቦራቶሪው ወንበር ቅጣት ነው፤ የአልጋው ፍራሽ ራሱ ከዚህ ቀጥሎ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሲሸሸው የኖረው ነገር ልኩ ሆኖ ተገኘ። ሊያስመልሰው ምንም አልቀረውም፤ ግን ለማቆም አልፈለገም። ቢያቆም መነሣት አለ።

እናትየው ደጃፋቸው ላይ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሆነው ጠበቋቸው። አማቹ አቀፋቸው። ጓንቴ ከሩቅ ሳማቸው። ምሳ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሡም።

«እህስ፣ ማነው ያልተመቸው?»

«እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው የመጣሁት እማዬ» አለ ዓሣ ነጋዴው። «ነድቼ ስመለስማ ምን ሊለኝ ነው።»

«አንተስ?»

ጓንቴ ነገሩን አሰላው። አልተመቸኝም ካለ፣ ሞተሩ እዚያው በቆመበት የዓሣ ማመላለሻ ሆኖ ይቀራል። ተመችቶኛል ካለ ደግሞ፣ በእናቱ ፊት፣ በሰውዬው ፊት፣ ቂጡ በእሱ ቂጥ ልክ መሆኑን መሰከረ፤ ቅዳሜዎቹም ዕድሜ ልክ ይቀጥላሉ።

እናትየው መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ሞተሩ ሄዱ። መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«የሰውዬው ጉድጓድ የት ሄደ?»

«የጋሼ ነው?» አለ ጓንቴ።

«የምን ጋሼ? የአባትህ ነዋ። የመሣሪያ ቦርሳውን በቀኝ ትከሻው አንግቦ ወደ ግራ እያጋደለ አልነበር የሚቀመጠው? እየሰረሰረ እየሰረሰረ ጉድጓድ አድርጎት አልፏል።»

ጓንቴ እጁን አየ። ቅዳሜ ቅዳሜ በአልኮል ሲያጥብ፣ በልቡ ሲረግም የነበረው ማንን እንደሆነ ገባው። የተቦጫጨቀው ስፖንጅም አሁን በማን ሶፋ ውስጥ እንደሚሆን አሰበ። አማቹ አቀርቅሯል። ሁለቱም እናትየው እስኪያለቅሱ ጠበቁ።

«እንኳን ጣላችሁት» አሉ እናትየው። «ሲቀፈኝ ነው የኖረው።»

«ምን አልሽ እማ?»

«ከኋላው በተቀመጥኩ ቁጥር ወደዚያ ጉድጓድ ስንሸራተት፤ የጀርባው ላብ በቀሚሴ ሲገባ፤ የምሰሶ ቅባቱ ሽታ ሲመጣብኝ። አባትህን እወደው ነበር፣ ነፍሱን ይማርና፤ ያን ጉድጓድ ግን አፈር ሳይበላኝ ተነቅሎ የማየው አይመስለኝም ነበር።» መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ልክ ጓንቴ እንደሚጠርገው፣ ጣት በጣት። «አንተ ከማን ወሰድከው መሰለህ?»

«አንድ ቀን እንኳ አልነገርሽውም?»

«ነግሬው ምን ልሆን? መንገድ መሐል ወርጄ በእግሬ ልሂድ?»

ጓንቴ ወደ አማቹ ዞረ። አማቹ ፈገግ ሊል ፈልጎ፣ ጊዜው ይሁን አይሁን ስላላወቀ፣ ፊቱ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ጥርሱ ላይ የኦቾሎኒ ገለፈት ተለጥፏል።

«ተመችቶኛል» አለ ጓንቴ።

«እ?» አሉ እናትየው።

«ተመችቶኛል አልኩ። ከሁሉ ወንበር ይበልጥ ተመችቶኛል።» ቃሉ ከ«ጋሼ» ይልቅ ይመር ነበር።

«ታዲያ ሁለታችሁም ከተመቻችሁ ምን አደከማችሁኝ? ቀድሞ እንዳልኩት ነው። ኑ ምሳ ብሉ።»

አማቹ አቀፈው። ጓንቴ ለዚህ ጉዞ አሮጌውን ሸሚዝ ለብሶ መምጣቱ ብቻ አጽናናው።

ሲመለሱ እንደ ውሉ ዓሣ ነጋዴው ነዳ። ከፊት ወጥቶ በገዛ ልኩ ላይ ሲወርድ፣ ረጅም የደስታ ትንፋሽ ተነፈሰ። ሞተሩ ፀሐይ ላይ ነበር የዋለው።

«ሙቀቱ አልለቀቀም» አለ። «ተባረክ።»

ጓንቴ ከኋላ ወጣ። ሞላውን እሱ ራሱ ስላስረዘመው፣ የኋላው መቀመጫ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ሳይወድ በግድ ተንሸራቶ ከሰፊው ጀርባ ጋር ተጣበቀ። መስመሩን ተከትለው ምሰሶዎቹ አንድ በአንድ ማለፍ ጀመሩ። አማቹ ለኩርባው አዘነበለ።

«ያዘኝ እንጂ፣ እንዳትወድቅብኝ» አለ ወደ ኋላ።

ጓንቴ ከእግሩ ሥር የሚሮጠውን አስፋልት አየ። ቢወርድ የሚሄደው በእግሩ ነው። ጓንቱን እስከ አንጓው ድረስ ሳበና እጁን በአማቹ ሆድ ዙሪያ ዘረጋ። ጣቶቹ አልገናኝ አሉት። የሸሚዙን ጨርቅ ከሁለት ወገን ጨብጦ ያዘ።